ባትሪዬን ብርዱ አልገደለውም

ወደ ሱሉልታ የገባሁት የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ አስመርሮኝ ነው። ስለ ብርዱ ያልነገረኝ ሰው አልነበረም። ጋቢ ገዛሁ፣ ለልጆቹ ወፍራም ብርድ ልብስ ደረብኩና የተዘጋጀሁ መሰለኝ። ስለ መኪናዋ ግን አላሰብኩም።

የኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ። የግቢው ሣር በውርጭ ነጭ ብሏል። ልጆቹን ከኋላ አስገብቼ ቁልፉን ሳዞር የዳሽቦርዱ መብራቶች በሩ፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ እንደ ሽማግሌ አንድ ሁለቴ አቃሰተና ዝም አለ። ስደግመው ማቃሰቱም ቀረና “ጠቅ ጠቅ ጠቅ” ብቻ ሆነ። የግቢያችን ዘበኛ ጋቢውን እንደተከናነበ መጥቶ፣ “ጋሼ፣ እሷም በርዷት ነው” አለኝ።

ሱሉልታ የሯጮች አገር መሆኗ በጀኝ። መኪናዋን ከዘበኛው ጋር እየገፋን ከበር ስናወጣት ስድስት ሰባት ሆነው ልምምድ ላይ የነበሩ ልጆች ደረሱ። ሳልጠይቃቸው “ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፣ ስንልህ ፍሪሲዮኑን ልቀቅ!” ብለው ከኋላ ያዙ። አዲስ አበባ ውስጥ በዚያ ፍጥነት የተገፋ መኪና ያለ አይመስለኝም። ተነሳች። ልጆቼ ያን ቀን ትምህርት ቤት ያወሩት ይሄንን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ሁሉ የችኮላ ነበር። የጠየቅኩት ሰው በሙሉ “ባትሪህ ሞቷል፣ ብርድ ገድሎታል፣ ቀይር” አለኝ። እኔም ሳላስመረምር አሮጌውን አውጥቼ ሸጥኩትና አንድ ሱቅ ገብቼ “ለኮሮላ የሚሆን ስጠኝ” አልኩ። ሻጩ አሲድ ሞልቶ ሰጠኝ፣ ተሸክሜ ቤት መጣሁ። ልገጥመው ስል የፖዘቲቩ ገመድ አልደርስ አለ። ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ከድሮው በተቃራኒ ወገን ናቸው! ስመልስለት “አሲድ የገባበት አይመለስም” ብሎ ስንት ተጨቃጭቀን፣ ገንዘብ ጨምሬ ቀየረልኝ። ግማሹ ጥፋት የእኔ ነው፤ የድሮውን ባትሪ ቁጥር እንኳ ጽፌ አልያዝኩም።

አዲሱ ባትሪ ሦስት ሳምንት ሠራ። ታኅሣሥ ላይ፣ በባሰው ውርጭ፣ ያው ማቃሰት ያው ጠቅ ጠቅ። ያኔ ነው ነገሩ ከብርዱ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ።

ዋናው አስፋልት ዳር ትንሽ ሱቅ ያላቸው አንድ ሽማግሌ የመኪና ኤሌክትሪሺያን አሉ። ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት የጠየቁኝ ስለ ባትሪው አልነበረም። “ልጄ፣ በቀን ስንት ትነዳታለህ?” አሉኝ። ልጆቹን ለማድረስ ሦስት ኪሎ ሜትር፣ ለመመለስ ሦስት ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ የነዳጅ ወጪ ስለከበደኝ መኪናዋን አቁሜ ሥራ የምሄደው በታክሲ ነው አልኳቸው። ሳቁና፣ “ታዲያ ላሚቱን ሳታበላ ነዋ የምታልባት!” አሉ። ወተትና ድርቆሽ በሚሸጥበት አገር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር ሲነሳ ሞተሪኖው ለጥቂት ሰከንድ ከ100 አምፔር በላይ ይስባል። ያንን የሚመልሰው ሞተሩ የሚያዞረው ዲናሞ ነው፣ ለመመለስ ግን ጊዜ ይፈልጋል። በማለዳ መብራት፣ የመስታወት ማሞቂያና ሬዲዮ ከፍቼ ሦስት ኪሎ ሜትር ብቻ ስነዳ የወጣው ሳይመለስ እንደገና አወጣለሁ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጎድላል። ጎድሎ የቆየ ባትሪ ደግሞ ውስጡ ያለው እርሳስ ላይ ሰልፌት የሚባል ጨው ይጋገርበታል። ይሄ ሲጠነክር ቻርጅ ቢያደርጉትም ሙሉ በሙሉ አይለቅም።

ብርዱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በባትሪው ውስጥ ያለው ኬሚካላዊ ሥራ ሲበርድ ይዘገያል፤ 0 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ባትሪው ከአቅሙ ሲሶ ያህሉን ያጣል። በዚያው ሰዓት የሞተሩ ዘይት ወፍሮ ሞተሪኖውን ያከብደዋል። ጤነኛና የጠገበ ባትሪ ይሄን ይችላል፣ በግማሽ የተራበ ግን አይችልም። ለካ ባትሪን በዕድሜው የሚገድለው ሙቀት ነው። ብርድ የተደበቀውን ያጋልጣል እንጂ ገዳይ አይደለም። “በረዶ ሆኖ ይሰነጠቃል” የሚባለውም ለኛ አያሰጋም፤ አሲዱ የሚረጋው ባትሪው ባዶ ሆኖ ከዜሮ ብዙ ዲግሪ በታች ሲወርድ ነው፣ የሱሉልታ ሌሊት ደግሞ እስከዚያ አይደርስም።

ሽማግሌው የቮልት መለኪያ ሜትራቸውን ሰኩ። ሞተሩ ሠርቶ መብራት ሲበራ የዲናሞው ቮልት 13.1 ብቻ ነበር፤ ከ13.8 እስከ 14.4 ድረስ መሆን ነበረበት። ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ በአውራ ጣታቸው ጫን ሲሉት ተለጥጦ ገባ። ላልቷል። አጠበቁት። ከባትሪው ወደ ቦዲ የሚሄደውን የኔጌቲቭ ገመድ ፈተው ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አሹት። እንደገና ሲለኩ 14.2 ሆነ። የጠየቁኝ ገንዘብ ባትሪ ሱቁ ጋ በጭቅጭቅ ከጨመርኩት ያንሳል! የመጀመሪያው ባትሪዬ ምናልባት አልሞተም ነበር። ግን ሸጬዋለሁ፣ ምን ይደረጋል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ርካሽ ሜትር ገዝቼ ጠዋት ጠዋት መለካት ልማዴ ሆነ። መኪናዋ ሌሊቱን ከቆመች በኋላ፣ ቁልፍ ሳይዞር ነው የምለካው፤ ከመንዳት እንደተመለሱ የሚታየው ቁጥር ያታልላል። 12.6 ካሳየ ሞልቷል፣ 12.4 ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፣ 12.2 ግማሽ ነው፣ 12 ላይ ካገኘሁት በቃ ያን ቀን ቻርጀር ላይ ይውላል። ሞተሪኖው ሲዞርም አንድ ሰው ሜትሩን እንዲያይልኝ አደርጋለሁ። በዚያች ቅጽበት ከ9.6 ቮልት ብዙ የሚወርድ ባትሪ፣ ሞልቶ እያለ እንደዚያ ካደረገ፣ አርጅቷል።

ዛሬ ባትሪ ብገዛ እንዴት እንደምገዛም ልንገራችሁ። የጃፓን መኪና ከሆነ ባትሪው ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉን ይናገራል። የእኔ 46ቢ24ኤል ነው፣ ሱቆች ኤንኤስ60ኤል የሚሉት። የመጀመሪያው ቁጥር ጉልበቱን፣ “ቢ” ስፋትና ቁመቱን፣ 24 ርዝመቱን በሴንቲ ሜትር፣ የመጨረሻው ፊደል ደግሞ ፖዘቲቩ በየትኛው ወገን እንደሆነ ይነግራል። እኔን ያስጨቃጨቀኝ ያቺ የመጨረሻዋ ፊደል ናት። ለብርድ አገር፣ ቢ24ኤል የሚለው ሳይለወጥ የፊተኛው ቁጥር ከፍ ያለውን፣ ለምሳሌ 55 የሚለውን፣ ብትወስዱ በዚያው ሳጥን ውስጥ የበለጠ ጉልበት ታገኛላችሁ። ሲሲኤ የሚባለው ቁጥርም አለ። ባትሪው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ለ30 ሰከንድ ስንት አምፔር መስጠት እንደሚችል ነው የሚለካው። እንጦጦ ጫፍ ላይ እንኳ ያንን ብርድ አናይም፤ ሁለት ባትሪ ለማወዳደር ግን ይጠቅማል። ትልቅ ሲሲኤ ፍለጋ ከአቅም በላይ ማውጣት ለትንሽ የቤንዚን ሞተር ትርጉም የለውም፤ የናፍጣ መኪና ያለው ሰው ግን ይጨነቅበት።

ከስሙ ይልቅ የተመረተበትን ቀን እዩ። ባትሪ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎም ይጎድላል፣ እኛ ጋ ደግሞ መርከብ ተሳፍሮ ነው የሚመጣው። አሲዱ ተሞልቶ የመጣ ከሆነ ሱቁ ውስጥ ሜትር አስደርጉ፤ ከ12.4 በታች ካሳየ ተዉት። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ያገለገለ ባትሪ መግዛት? መስታወትና መብራት እገዛለሁ፣ ያገለገለ ባትሪ ግን ከማላውቀው ሰው አልገዛም።

ውሃ የሚጨመርበት ይሻላል ወይስ ደረቁ፣ ማለት ውሃ የማይጨመርበት፣ ለሚለው፣ መክደኛ የመክፈት ትዕግሥት ካላችሁ ውሃ የሚጨመርበት ጥሩ ነው፣ የእያንዳንዱን ክፍል ሁኔታ ታያላችሁ። ሲጎድል የሚጨመረው ለባትሪ የተጣራው ውሃ ብቻ ነው። የቧንቧም የሃይላንድም ውሃ ማዕድን አለው፣ ባትሪውን ይጎዳል። “ደከመ” ብሎ አሲድ መጨመርም ስህተት ነው፤ የሚተነው ውሃው ነው፣ አሲዱ እዚያው አለ። ገመዱ በሚታሰርበት የባትሪው ራስ ላይ የሚበቅለውን ነጭና አረንጓዴ ነገር ኮካ የሚያፈስበት ሰው አይቻለሁ። ይሠራል፣ ግን ያጣብቃል። እኔ ለብ ባለ ውሃ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጬ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እፈትገዋለሁ፣ ሲደርቅ ስስ ቫዝሊን እቀባዋለሁ። ስፈታ ኔጌቲቩን አስቀድማለሁ፣ ስገጥም ኔጌቲቩን አስከትላለሁ፤ አለዚያ መፍቻው ቦዲ ሲነካ ብልጭታው ልብ ያስደነግጣል።

ዘይቱንም ቀየርኩ። 20ደብሊው50 ነበር የምጠቀመው፣ መካኒኬን አማክሬ በብርድ ያን ያህል ወደማይወፍረው ወደ 10ደብሊው40 ወረድኩ። ጠዋት ላይ የሞተሪኖው ድምፅ ራሱ ተለወጠ።

ግቢ ውስጥ አሥር ደቂቃ ሞተር አስነስቶ ማቆም ባትሪ ይሞላል ብዬ ነበር፣ ነዳጅ ማቃጠል ብቻ ነው። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ ጫንጮ እንነዳለን፤ ባለቤቴ ለቅቤው ትላለች፣ እኔ ለባትሪው እላለሁ። ነዳጅ ሲጠፋ ወይም ሲከብድ ደግሞ ትንሽ ቻርጀር አለኝ። ለ45 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 4 አምፔር ገደማ ይበቃል፣ ሌሊቱን ቀስ ብሎ ይሞላል፣ ያውም መብራት ካልጠፋ። ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጂን ጋዝ ስለሚወጣ በረንዳ ላይ እንጂ ልጆች የሚተኙበት ቤት ውስጥ አላስገባውም።

ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ማለዳ፣ ወተት ወደ ከተማ የሚያመላልሱት ጎረቤታችን እትዬ፣ አሮጌው የናፍጣ ፒክአፓቸው እምቢ ብሏቸው ዘበኛውን ላኩብኝ። ወፍራሙን ገመድ ይዤ ሄድኩ። ቀዩን መጀመሪያ የእሳቸው ፖዘቲቭ ላይ፣ ከዚያ የእኔ ፖዘቲቭ ላይ፤ ጥቁሩን የእኔ ኔጌቲቭ ላይ፣ የመጨረሻውን ጫፍ ግን ከባትሪያቸው ራቅ አድርጌ የሞተሩ ብረት ላይ አሰርኩ። የእኔ ትንሽ ሞተር የእሳቸውን ትልቅ ናፍጣ በአንድ ጊዜ አይችለውም፣ ስለዚህ አሥራ አምስት ደቂቃ አስነስቼ ባትሪያቸውን አበላሁት። እሳቸው “የኔ ልጅ፣ ወተቱ ተበላሸ፣ ቶሎ በል” እያሉ በዙሪያዬ ሲመላለሱ ዘበኛው፣ “እትዬ፣ ትብላ እንጂ፣ ሳትበላ እንዴት ትታለባለች” አላቸው። ከማን እንደሰማው አውቃለሁ። በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ፣ ማታ ሁለት ሊትር ወተት ላኩልን።