የጠፋችው ዜሮ

የኮሮና ወረርሽኝ በ2012 ዓ.ም. ከቢሮ ካስወጣን ወዲህ የሒሳብ ሥራዬን የምሠራው ቤቴ፣ ከሳሎኑ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ደንበኞቼ አብዛኞቹ መካከለኛ ነጋዴዎች ናቸው፤ በዚያን ጊዜ አሠራር ደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ስለነበሩ ሰኔ 30 የተዘጋው መዝገባቸው እስከ ጥቅምት 30 ተጣርቶ መቅረብ ነበረበት። ስለዚህ ሌላው ሰው አደይ አበባ ሲያይ እኔና ረዳቴ ደረሰኝ ስንገለብጥ እንከርማለን።

የምንሠራበት ጠረጴዛ ከጨረታ የገዛሁት የብረት ጠረጴዛ ነው። ስፋቱ ስለማይበቃን፣ የኪቦርዱ ገመድም በተሳበ ቁጥር የደረሰኝ ክምር መሬት ላይ ስለሚያራግፍብን፣ ገመድ አልባ ኪቦርድና ማውስ ገዝቼ ነበር። ሁለቱም የሚገናኙት የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል አንዲት ሪሲቨር፣ ማለትም የሬዲዮ ምልክት መቀበያ፣ በኩል ነው፤ እሷን ኮምፒውተሩ ጀርባ ላይ፣ ከጠረጴዛው ሥር፣ ወደ ግድግዳው በዞረው በኩል ሰካኋትና ረሳኋት። ነሐሴ 2013 ላይ ደግሞ መብራት በድንገት ጠፍቶ የአንድ ደንበኛ ፋይል ስለተበላሸብኝ፣ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደርስብኝ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገዛሁ። ፈጣን እንዲሆን በሰማያዊው የዩኤስቢ ቀዳዳ መሰካት እንዳለበት ሻጩ ስለነገረኝ፣ ሰማያዊውም ያለው ከኋላ ብቻ ስለነበር፣ ዲስኩ ከሪሲቨሯ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቀመጠ። በየግማሽ ሰዓቱ ፋይሎቼን ራሱ ወደ ዲስኩ እንዲገለብጥ አድርጌ ቀኑን ሙሉ ሳይነቀል እንዲውል አዘዝሁ።

መስከረም 2014 ላይ የአንድ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴን መዝገብ ከባንክ መግለጫው ጋር ስናስታርቅ የ41,850 ብር ልዩነት መጣ። በሒሳብ ሠራተኞች ዘንድ የቆየ ዘዴ አለ፤ ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ ወይ ሁለት አሃዞች ቦታ ተለዋውጠዋል፣ ወይ አንድ ዜሮ ጎድሏል ወይም ተርፏል ተብሎ ይጠረጠራል። 41,850ን ለ9 ሳካፍለው 4,650 ሆነ። መዝገቡን ስፈልግ 4,650 የሚል ቁጥር «የመጋዘን ኪራይ» ከሚል ጽሑፍ ፊት ለፊት ተቀምጦ አገኘሁት፤ የቼኩ ጉርድ ግን 46,500 ይላል። ያስገባችው ረዳቴ ነበረች።

«አንቺ ልጅ፣ በዜሮ ትቀልጃለሽ እንዴ?» አልኳት።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ሁለቱንም ዜሮ ነክቻለሁ።»

«ነክተሽ ቢሆን ኖሮ እዚህ ይታይ ነበር።»

«ማውሱም ቢሆን ሰሞኑን ይንቀረፈፋል፤ ነግሬዎታለሁ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። እውነቷን ነው፣ ከሳምንት በፊት ነግራኛለች፤ እኔ ግን ያን ጊዜም አልሰማኋት፣ አሁን ደግሞ ሰበብ እየደረደረች መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ያልኋትን እዚህ መድገም አልፈልግም፤ ለአንዲት ዜሮ የማይመጥን ቁጣ ነበር።

በሳምንቱ የሌላ ደንበኛ ሒሳብ 7,380 ብር አጎደለ። ለ9 ሲካፈል 820 ነው። 820 ብር የተጻፈበትን መስመር አገኘሁት፤ ደረሰኙ 8,200 ይላል፤ የተመዘገበው ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ረዳቴ አትመጣም። ያን ቁጥር ብቻዬን ተቀምጬ ያስገባሁት እኔ ነበርሁ፤ የገዛ ጣቴ ሁለቱን ዜሮ ቸብ ቸብ አድርጎ ሲነካ አሁንም ይታወሰኛል።

ጥፋቱ የእኛ ካልሆነ የኪቦርዱ ነው ብዬ መጀመሪያ ድንጋዩን ጠረጠርሁ። በልጅነታችን የሬዲዮ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥተን እንደገና የምናሠራ ሰዎች ስለሆንን፣ ባትሪ ለነገር ሁሉ የመጀመሪያው ተጠርጣሪያችን ነው። አዲስ ባትሪ ገዝቼ ቀየርሁ፤ ለውጥ የለም። ኪቦርዱን ልቀይረው ሱቅ ድረስ ሄጄም ነበር። ሆኖም የቀረቡልኝ ርካሽ ገመድ አልባ ኪቦርዶች የሚተየበውን ቁልፍ መስጥረው፣ ማለትም ሌላ ሰው እንዳያነበው አድርገው፣ ይላኩ አይላኩ ሻጩ ሊነግረኝ አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የደኅንነት ተመራማሪዎች የበርካታ አምራቾች ሪሲቨሮች ከሌላ ሰው የተላከ፣ ያልተመሰጠረ የቁልፍ ምት እንደሚቀበሉ ማሳየታቸውን አንብቤ ስለነበር፣ የደንበኛ የባንክ የይለፍ ቃል የምተይብበትን ዕቃ በዋጋው ብቻ መምረጥ አልፈለግሁም። ባዶ እጄን ተመለስሁ።

ምስጢሩን ያወጣው ማውሱ ነው። አንድ ከሰዓት ቀስቷን ከአንድ ሣጥን ወደ ሌላው ስወስዳት ጭቃ እንደያዘው ጎማ መሐል መንገድ ላይ ቆመች፤ ጥቂት ቆይታ ዘለለች። ጎንበስ ስል የሃርድ ዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ የግማሽ ሰዓቱን ግልባጭ እየሠራ ነው። ዲስኩን ነቀልሁት። ቀስቷ እንደ ቅቤ ተንሸራተተች። መልሼ ሰክቼ ትልቅ ፋይል እንዲገለብጥ ሳደርግ እንደገና ተያዘች።

ረዳቴን ጠርቼ ባዶ የጽሑፍ ገጽ ከፈትንና ዲስኩ እየሠራ ከ1 እስከ 9 ከዚያም 0፣ ሃያ መስመር እንድትተይብ አደረግሁ። ሃያው መስመር ሲያልቅ አምስቱ አሃዝ ጎድሏቸው ነበር፤ አንደኛው እንዲያውም 4 እና 5 ሁለቱም የሉትም። ዲስኩ ተነቅሎ ስትደግመው ሃያውም ሙሉ ሆኖ ወጣ። ማያ ገጹን አይታ ወደ እኔ ዞረች፤ ምንም አላለችም፤ እኔም የምለው ስላልነበረኝ ሻይ ላፈላ ተነሣሁ። ይቅርታ የጠየቅኋት ሻዩን ስሰጣት ነው።

የነገሩ መነሻ ውስብስብ አይደለም። እንዲህ ያሉ ኪቦርዶችና ማውሶች የሚነጋገሩት በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ባለው የሬዲዮ ሞገድ ነው። በሰማያዊው ቀዳዳ የሚሠራው ዩኤስቢ 3 ደግሞ በሴኮንድ እስከ 5 ጊጋቢት ሲያስተላልፍ፣ ከመሰኪያውና ከገመዱ የሚያፈተልክ የሬዲዮ ጫጫታ እዚያው ሞገድ ላይ ያርፋል፤ ይህን ኢንቴል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመው የቴክኒክ ጽሑፍ አስረድቷል። የእኔ ሪሲቨር ከዲስኩ መሰኪያ ጎን፣ በኮምፒውተሩ የብረት አካልና በብረት ጠረጴዛ ተጋርዳ፣ ሠርግ ቤት ድምፅ ማጉያ ሥር ቆሞ ሹክሹክታ ለመስማት እንደሚሞክር ሰው ነበረች። ያልተሰማ ምልክት ተደግሞ ይላካል፤ ጫጫታው ካልበረደ ግን ጠፍቶ ይቀራል። ማውስ ላይ ሲሆን ዓይናችን ቀስቷን ስለሚከተል ወዲያው እናውቃለን። ጽሑፍም ቢሆን ፊደል የጎደለው ቃል ዓይን ይወጋል። ቁጥር የምናስገባ ሰዎች ግን ዓይናችን ደረሰኙ ላይ እንጂ ማያ ገጹ ላይ አይደለም፤ ደግሞም 4,650 ብቻውን ሲታይ ከ46,500 ያላነሰ ትክክለኛ ቁጥር ይመስላል።

መፍትሔው አንድ ሜትር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ሆነ። ሪሲቨሯን ከኋላ አውጥቼ በማራዘሚያው ጠረጴዛው ላይ፣ ከኪቦርዱ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ አስቀመጥኋት፤ ዲስኩ እዚያው ኋላ ቀረ። ሃያውን መስመር ዲስኩ እየሠራ ስንደግመው አንድም አሃዝ አልጎደለም። ያም ሆኖ ግልባጩ ከሥራ በኋላ ብቻ እንዲሠራ ወሰንሁ፤ ለቁጥርም አሮጌውን ባለገመድ ኪቦርድ ከቁም ሣጥን አወጣሁት።

የቀረው ዲስኩ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ የገባውን ሁሉ እንደገና ማመሳከር ነበር። እሷ ደረሰኙን ጮክ ብላ ታነባለች፣ እኔ ማያ ገጹን እከተላለሁ፤ ሁለት ምሽት ፈጀብን። 31,275 መሆን የነበረበት 3,125 ሆኖ አገኘን፤ ልዩነቱ 28,150 ለ9 አይካፈልም፤ ስለዚህ የምመካበት ዘዴ ይህችን ባልያዘልኝም ነበር። ፋይሉ ጥቅምት 30 ሳይደርስ ገባ። ረዳቴ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ስትመጣ ከሰላምታ ቀጥላ የምትጠይቀኝ «ጋሼ፣ ዲስኩ ተነቅሏል?» ብላ ነው፤ ካልተነቀለ ወንበሯን አትስብም።