ሦስት ነው የተባለው ዘፈን

ሰው የድሮ ሸክላ፣ ካሴት ወይም የሪል ክር ይዞ ይመጣል፤ እኛ አጽድተን ወደ ኮምፒውተር እንቀዳለታለን። ሥራችን ይኸው ነው። አንድ ጊዜ ታዲያ አንድ አሳታሚ የአንድ ስመ ጥር ድምፃዊ የቆዩ ዘፈኖችን ሰብስቦ አልበም ሊያወጣ መጣ። ከሁሉ የኮራበት አንድ ዘፈን ነበር። በሦስት ዓይነት አለኝ ይላል፤ በሸክላ፣ በካሴት፣ በሪል።

ታሪኩንም ጽፎ ጨርሷል። ሪሉ በ1966 የተቀዳ፣ ወጥቶ የማያውቅ የመጀመሪያ ሙከራ ነው። ሸክላው ሁሉም የሚያውቀው ነው። ካሴቱ ደግሞ ከዓመታት በኋላ ከሌላ ባንድ ጋር የተዘፈነ ነው። ከድምፃዊው ቤተሰብ ጋር የተስማማውም በዚሁ ስሌት ነው፤ ሦስት ቀረጻ፣ ሦስት ክፍያ። የቀረው ፊርማ ብቻ።

ጋሼ ወረቀቱን አነበቡና «ቀረጻው ሳይሰማ አይፈረምም» አሉ። ጋሼ የቤታችን አንጋፋ የድምፅ ባለሙያ ናቸው።

ካሴቱን ከፈትን። እውነትም ይለያል። ድምፁ ቀጠን፣ ምቱ ፈጠን ብሏል። ሰውየው «ይኸው!» አለ። ጋሼ ግን ርዝመታቸውን ብቻ ጠየቁኝ። ሸክላው 3 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ፣ ካሴቱ 3 ደቂቃ ከ18። ከዚያ ኦርጋን ከፍተው ሁለቱን ለኩ። ካሴቱ በግማሽ ድምፅ ከፍ ብሏል።

ነገሩ እዚህ ላይ ተፈታ። ክር ሲፈጥን ድምፁ ከፍ ይላል፣ ርዝመቱም አብሮ ያጥራል። ለግማሽ ድምፅ የሚያጥረው 6 በመቶ ገደማ ነው። የሸክላው 210 ሰከንድ በዚህ ልክ ሲያጥር 198 ይሆናል፤ የካሴቱ ርዝመት ማለት ነው። ባንድ እንደ አዲስ ቢጫወተው እንዲህ በሚዛን የተለካ አይሆንም። ካሴቱን በዚያው ልክ አዘገየነውና ከሸክላው ጋር ጎን ለጎን አስኬድነው። ድራመሩ የሚስትበት ቦታ አንድ። ድምፃዊው ትንፋሽ የሚስብበት ቦታ አንድ። ይባስ ብሎ ካሴቱ ውስጥ የሸክላ መንጫጫት ይሰማል! የሆነ ሰው ሸክላውን አጫውቶ በሚፈጥን ማሽን ቀድቶታል። ሌላ ባንድ የሚባል ነገር የለም።

እንዲህ ያለው ብዙ ያጋጥመናል። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ድንጋጌ ሸክላ ማሳተም የሀገር ፍቅር ብቻ መብት ነበር። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ያን ደፍሮ በግሉ ጀመረ፤ የመጀመሪያዎቹን ሕንድ አገር ነው ያሳተማቸው። ካይፋ ሪከርድስና ሌሎች አሳታሚዎችም ተከተሉ። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ሸክላ ቀርቶ ዘመኑ የካሴት ሆነ፤ ዘፈኑ ከቅጂ ወደ ቅጂ ያለ ምንም ወረቀት ይዞር ጀመር። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ፓሪስ ላይ ባዘጋጀው የኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበም ብዙዎቹ በሲዲ ተመለሱ። አንድ ዘፈን በዚህ ሁሉ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይዛባል፣ መጨረሻው ይቆረጣል፣ ርዕሱ ይቀየራል። «ሌላ ቅጂ» እየተባለ ከሚመጣልን አብዛኛው የማሽን ሥራ ነው፤ ድምፃዊው የዘፈነው አንዴ ብቻ።

ሪሉን ስንጭን ወደ ኋላ የሚዘፍን ድምፅ ወጣ። ተለማማጁ ልጅ ተበላሸ ብሎ ደነገጠ። ምንም አልሆነም፤ ጭራው ወደ ውጭ ሆኖ ነው የተጠቀለለው። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ሆን ብሎ እንዲያ ያስቀምጠዋል። ክር ተጠቅልሎ ሲከርም የአንዱ ዙር ድምፅ ወደ ቀጣዩ ዙር ይጋባል። ጭራው ውጭ ሲሆን ያ ስስ ድምፅ ከዋናው በኋላ ስለሚመጣ ብዙም አይሰማም። ጋሼ ይህን ሲያዩ ደስ አላቸው። «ይህን የጠቀለለው ሰው የጻፈው ይታመናል» አሉ።

ክሩን ወደ ኋላ አጠንጥነን እንደገና ጫንነው። ይኼኛው እውነተኛ ሌላ ቀረጻ ነው። ያን ጊዜ ብዙውን ጊዜ ዘፋኙም ባንዱም አንድ ላይ ነው የሚቀረጹት፤ ተደገመ ማለት ከአናቱ እንደ አዲስ ተዘፈነ ማለት ነው። ሳክስፎኑ የሚመልሰው ዜማ ሌላ ነው፣ ሁለተኛው ስንኝ ቀድሟል።

ካርቶኑ ላይ ግን በእጅ የተጻፈው «ሚያዝያ 66» ነበር። ጋሼ አንዴ ካርቶኑን አንዴ ሰውየውን አዩ።

«ልጄ፣ ሚያዝያ ከመቼ ወዲህ ነው የፈረንጅ ወር የሆነው?»

«እንዴት ጋሼ?»

«66 እኮ የኛው ነው። የካቲት አብዮቱ ፈንድቶ፣ እንዳልካቸው ካቢኔ ላይ ያሉበት ሰሞን! በፈረንጅ 1974።»

የሸክላው ወረቀት ላይ በፈረንጅ 1973 ታትሟል። ስለዚህ የመጀመሪያ ሙከራ የተባለው ከሸክላው በኋላ የመጣ ነው። ሰውየው በጣም ተከፋ። «የመጀመሪያ ሙከራ» የሚለው ይሸጥ ነበራ። እኔ ግን ይኼኛው ታሪክ ይበልጥብኛል። ዘፈኑ ወጥቶ ከታወቀ በኋላ ድምፃዊው ተመልሶ ሊያሻሽለው ፈልጓል፤ ለምን እንደፈለገም ጆሮ ላለው ከስንኙ አወራረድ ይገባል።

ሰውየው ወዲያው ሒሳቡን አስተካከለ። ሁለት ቀረጻ፣ ሁለት ክፍያ። የድምፃዊው ልጅ መጥታ ስትሰማ አልተስማማችም፤ በቃልህ እርጋ አለችው። ክርክሩ ሲከር ተለማማጁ ልጅ ዘፈኑ ካለቀም በኋላ ክሩን አላቆመውም ነበርና ድንገት ሌላ ድምፅ መጣ። መግቢያው ተጀመረ፣ ድምፃዊው አንድ ስንኝ አለ፣ ሳክስፎኑ አለቦታው ገባ፣ ሁሉም ቆመ። «አንተ፣ አስጨርሰኝ እንጂ!» ይላል ድምፃዊው፤ ከኋላ ሳቅ።

ልጅቷ «ይኸው ሦስተኛው» አለች።

ሰውየው ትንሽ አንገራገረና ከፈለ። አልበሙ ላይም ገባ። የሽፋኑ ጽሑፍ ሲረቀቅ «ያልተጠናቀቀ ቀረጻ፣ 1966» ብለው ልከውልን ነበር። ጋሼ «ሚያዝያ» የሚለውን መለሱበት፣ ከቁጥሩ ጎን ደግሞ ዓ.ም. ጨምረው ላኩት።