ሕመሙ ለቆ እብጠቱ የቀረ መንጋጋ

ባለፈው ነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም መጀመሪያ፣ አዘዞ የሚኖሩትን አክስቴን ልጠይቅ ሄጄ ግራ መንጋጋቸው አብጦ አገኘኋቸው። ፊታቸውን በነጠላቸው ከልለው «ጆሮ ደግፍ ነው ልጄ፤ ጥርሴማ ከትናንት ጀምሮ ለቆኛል» አሉኝ። ከእብጠቱ ይልቅ ያስደነገጠኝ ይህ «ለቆኛል» ማለታቸው ነበር። በተበላ ጥርስ ውስጥ ያለው ነርቭ ሲሞት ሕመሙ ጋብ ይላል፤ ኢንፌክሽኑ ግን በሥሩ ጫፍ አልፎ ወደ መንጋጋ አጥንት ይዘልቅና መግል ይቋጥራል። ብዙ ሰው ዳንኩ ብሎ የሚቀመጠው በዚህ ጊዜ ነው።

ጆሮ ደግፍ አለመሆኑን የጠረጠርኩት እብጠቱ ካለበት ቦታ ነው። ጆሮ ደግፍ ከጆሮ ፊትና ሥር ያለውን የምራቅ እጢ የሚያሳብጥ የቫይረስ በሽታ ሲሆን፣ የጆሮን ጫፍ ወደ ላይ ገፋ ያደርጋል፤ አብዛኛውን ጊዜም በአንዱ ጎን ጀምሮ ወደ ሌላው ይሻገራል። የያዘው ልጅ እብጠቱ ከታየ በኋላ ለ5 ቀናት ከትምህርት ቤት መቅረት አለበት፤ ለአቅመ አዳም የደረሰ ወንድ ከሆነና የዘር ፍሬው ካበጠ ደግሞ መታከም ይኖርበታል። የአክስቴ እብጠት ግን በታችኛው መንጋጋ አጥንት ላይ ነበር፤ የተበላውን ጥርስ በማንኪያ እጀታ ቀስ ብለው ሲነኩት ይጠዘጥዛቸዋል፣ አፋቸውም መራራ ጣዕም ነበረው።

ምግብ ሲቀርብ አብጦ ከበሉ በኋላ የሚሟሽሽ እብጠት ብዙውን ጊዜ በምራቅ ቧንቧ ውስጥ የተሰነቀረ ጠጠር ምልክት ነው። ሳያምም ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ ንፍፊት፣ በተለይ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለበት፣ የእጢ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል መመርመር ይገባዋል።

ሰዓቱ መሽቶ ስለነበር እስኪነጋ በቤት ውስጥ የሚቻለውን አደረግን። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጠን አፋቸውን ደጋግመው ተጉመጠመጡ፤ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶም ለ15 ደቂቃ ያህል በጉንጫቸው ላይ እያሳረፍን እናነሳ ነበር። ፓራሲታሞል 500 ሚሊግራም ሁለት ፍሬ ወሰዱ፤ ይህንንም ጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ማሳለፍ የለበትም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ በመሆናቸው ውሃና ቀጠን ያለ አጥሚት እንዲወስዱ ለማሳመን የንስሐ አባታቸውን መጥራት ነበረብን፤ ለታመመ ፈቃድ እንዳለው የነገሯቸውም እርሳቸው ናቸው። ጎረቤት ያመጣውን የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ድዳቸው ላይ እንዲያደርጉ አልፈቀድኩም፤ ድድን አቃጥሎ ያቆስላልና። ከሌላ ሰው የተረፈውን አሞክሳሲሊንም አስቀርቻለሁ። መግሉን በመርፌ መውጋት ወይም እብጠቱን ማሸትማ ከቶ የማይሞከር ነው።

ሌሊቱን በትራስ ቀና ብለው ሲተኙ አጠገባቸው ሆኜ የጠበቅሁት ጥቂት ምልክቶችን ነው። ምራቅ መዋጥ ካቃተ፣ ድምፅ ከታፈነ፣ አፍ ሁለት ጣት ያህል እንኳ አልከፈት ካለ፣ ከምላስ ሥር ያለው ክፍል ጠንክሮ ምላስን ወደ ላይ ከገፋ፣ ወይም እብጠቱ ወደ አንገት ከወረደ አልያም ወደ ዓይን ከወጣ፣ መንጋት አይጠበቅም፤ የአየር መተላለፊያን በሰዓታት ውስጥ ሊዘጋ ይችላል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ከዚህም ቀድሞ ወደ ሐኪም መሄድ አለበት።

ማለዳ ወደ ከተማ ይዣቸው ወጣሁና ሐኪሙ ጥርሱን ነቅሎ መግሉን አፈሰሰው፤ ምንጩ ጥርሱ ውስጥ እስካለ ድረስ መድኃኒት ብቻውን እንደማይበቃም አስረዳቸው። በነሐሴ 16 ጾሙ ሲፈታ ዶሮውን በቀኝ ጎናቸው እያኘኩ አብረውን በሉ።