ቀኜ ስትረሳኝ

ጌታ ይባረክ። ይህን ለመጻፍ ስነሳ ስንት ጊዜ እንዳለቀስኩ እሱ ያውቃል። እጄን ስለመለሰልኝ አምላክ ነው የምመሰክረው።

ፒያኖ የጀመርኩት አዲስ አበባ ነው። መጀመሪያ በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ፣ ቀጥሎ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት። ከዚያ ለትምህርት ጀርመን መጣሁ። የኮንሰርት ፒያኒስት ሕይወት ከውጭ ሲያዩት መብራትና ጭብጨባ ነው። ውስጡ ግን በሩ የተዘጋ ክፍል ነው። ጠዋት የያዝሽውን አንድ መስመር ማታም እሱኑ ስትደጋግሚ ትገኛለሽ። እኔ ማታ ማታ ጽዳትም እሠራ ነበር፤ የቤት ኪራይ የሚከፈለው በሱ ነው።

ነገሩ የጀመረው ሳላስበው ነው። የቀኝ እጄ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት፣ ፒያኖ ላይ ሳሳርፋቸው እሳት እንደነካው ላስቲክ ወደ መዳፌ ይሰበሰባሉ። አያመኝም። ስኒ እይዛለሁ፣ ጸጉር እሠራለሁ፣ ስልክ ላይ እጽፋለሁ፤ ሁሉም ሰላም ነው። ፒያኖ ስነካ ብቻ! «ስንፍና ነው፣ ልምምድ ጨምሪ» ያለኝ አስተማሪ ነበር። ይቅር ብዬዋለሁ። ጨመርኩ። ባሰብኝ።

ያቺን ሌሊት ልንገራችሁ። የፈተና ኮንሰርት ነበረኝ። የምጫወተው የሾፓንን ኤቱድ (የጣት መለማመጃ ድርሰት)፣ ኦፐስ 10 ቁጥር 2 ነው። ያ ኤቱድ የቀኝ እጅን ሩጫ በሙሉ የሚጥለው ከአውራ ጣት ሲቆጠር በሦስተኛው፣ በአራተኛውና በአምስተኛው ጣት ላይ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ሳያልቅ ሁለቱ ጣቶቼ ታጠፉ። ቆምኩ። እንደገና ጀመርኩ። እንደገና ታጠፉ። ተነስቼ፣ እጅ ነስቼ ወጣሁ። ከፈታኞቹ አንዱ ወረቀት ሲገልጥ የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ ወዴት ይኬዳል? ወደ ሥራ ሄድኩ። የማጸዳው የአንድ የጀርመን ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነበር፤ የእኛም የሐበሾች ኅብረት እሁድ ከሰዓት ተከራይቶ የሚያመልከው እዚያው ነው። ማንም የለም። ወለሉን እየወለወልኩ ሳለ ቃሉ ሳልጠራው መጣ፦ «ኢየሩሳሌም ሆይ፥ ብረሳሽ፥ ቀኜ ትርሳኝ።» መወልወያውን ወረወርኩት። ጮኽኩ። «መቼ ረሳሁህ? ሰው የሚገድል እጅ ሞልቶ የእኔን ነው የምትወስደው? ከልጅነቴ ጀምሮ የተጫወትኩት ለማን ነበር?» ሌላም ብዙ አልኩት፤ እዚህ ልጽፈው የማልደፍረው። ድምፄ በባዶው አዳራሽ ውስጥ ሲመለስብኝ ራሴን ፈራሁት። ወደ ቤት ብሄድ በራሴ ላይ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር።

እማዬ ጋ ደወልኩ። አዲስ አበባ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ለጸሎት ተነስታለች። ሁሉንም ነገርኳት፣ የተናገርኩትን ክፉ ቃል ሳይቀር። ትቆጣኛለች ስል፣ «ንገሪው ልጄ። ኢዮብም ተናግሯል። እሱ ይችለዋል» አለችኝ። ከዚያ ስልኩን ሳትዘጋ አብራኝ አለቀሰች። እማዬ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ!

የአዳራሹን ፒያኖ ዘግቼ ዳግም ላልነካው ተጠጋሁ። የጽዳት ጓንቴን አላወለቅኩም፤ ያቺን ስስ የላስቲክ ጓንት። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ እጄን አሳረፍኩት። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል። አራተኛው ጣት ተዘርግቶ ቀረ። አምስተኛውም! ጓንቱን አወለቅኩ፤ ታጠፉ። አጠለቅኩ፤ ተዘረጉ። እዚያው እርጥቡ ወለል ላይ ተንበረከክኩ። እስኪነጋ አልተነሳሁም።

ሐኖቨር ከተማ የሙዚቀኞችን ሕመም የሚያክም ተቋም አለ። ያገኘችልኝ አንዲት የኅብረታችን እህት ናት። ነርስ ናት፤ ቀጠሮውንም ያዘች፣ የባቡሩንም ከፈለች። ጌታ ቤቷን ይባርክ። ሐኪሙ ስለ ጓንቱ ስነግረው አልተገረመም። ፎካል ዲስቶኒያ ይባላል። ከመቶ ሙያተኛ ሙዚቀኞች አንዱን ያህል ይይዛል። የታመመው ጣቱ አይደለም፤ አንጎል ውስጥ የጎረቤታሞቹ ጣቶች ቦታ ተደባልቋል። ጓንቱ ቆዳው የሚሰማውን ስሜት ሲለውጠው አንጎል ለጊዜው ይታለላል። ሐኪሙ ይህን አስረዳኝ። ያቺን ጓንት በዚያች ሌሊት እጄ ላይ ያቆያት ማን እንደሆነ ግን እኔ አውቃለሁ።

ስለ አሜሪካዊው ፒያኒስት ስለ ሊዮን ፍላይሸር ያነበብኩት ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ብራስልስ ላይ የንግሥት ኤልሳቤጥን ውድድር አሸንፏል። በ1964 እነዚያው ሁለት የቀኝ ጣቶቹ ታጠፉበት። በግራ እጁ እየተጫወተ፣ እያስተማረ፣ ኦርኬስትራ እየመራ ቆይቶ ወደ ሁለት እጅ የተመለሰው በ1990ዎቹ፣ ጡንቻን በሚያላላ የቦቶክስ መርፌ ጭምር ታግዞ ነው። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ አላጽናናኝም። «እኔም ሠላሳ ዓመት ልጠብቅ?» ብዬ ነው የደነገጥኩት።

በግራዬ ጀመርኩ። የሙዚቃ ደራሲው ብራምስ ሻኮን የተባለውን የባኽን የቫዮሊን ድርሰት ለፒያኖ፣ ለግራ እጅ ብቻ አድርጎ በ1877 ለፒያኒስቷ ለክላራ ሹማን ልኮላት ነበር። የደረሳት ደግሞ መሳቢያ ስትከፍት ቀኝ እጇን በጎዳችበት ሰሞን ነው። እሱ ይህን አያውቅም። እኔ ይህን ሳነብ እንደ ተራ አጋጣሚ ማለፍ አልቻልኩም። በቀኜ ደግሞ በዝግታ፣ አንድ ኖታ፣ አሁንም አንድ ኖታ። የቦቶክስ መርፌውም ረዳኝ። ዓመታት አለፉ።

ባለፈው ፋሲካ ባኽን በሁለት እጄ ተጫወትኩ፣ ያለ ጓንት። «የእግዚአብሔር ቀኝ ኃይልን አደረገች» እያሉ ቅዱሳን እልል አሉ። ያን የሾፓን ኤቱድ ገና አልነካሁትም። ትንሿ ጣቴ አንዳንድ ቀን ታመነታለች። ታምኖ ያመጣኝ ጌታ የቀረውን ያውቃል።

ጣቱ አልታዘዝ ያለው ሙዚቀኛ ይህን ካነበበ፣ ክራርም ይሁን ጊታር፣ ልምምድ አይጨምር። ፈጥኖ የነርቭ ሐኪም ይይ። የኅብረታችን ጸሎት ሐሙስ ማታ ነው፤ እናንተንም በፊቱ እናቀርባለን።