ከጓዳችን ለጎፋ

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነውን ሁላችንም ሰምተናል። ዝናብ ሲጠጣ የከረመ ተራራ ተናደ። ቤቶች ከነሰዎቻቸው ተቀበሩ። ጎረቤት ዶማና አካፋ ይዞ ነፍስ ለማትረፍ ወጣ፤ መሣሪያ ያጣው በእጁ ቆፈረ። እነሱ እየቆፈሩ ሳለ ሁለተኛው ናዳ መጣባቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ ለእርዳታ የሮጡት ነበሩ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይኸኛው ነው። እዚህ ደብረ ማርቆስም ቢሆን እሪታ ሲሰማ ቀድሞ የሚደርሰው ጎረቤት ነው።

ያ ክረምት ለእኛም ለጎጃሞች ከባድ ነበር። መንገድ ይዘጋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ሥራ ቀዝቅዟል። በየቤቱ ዞሮ «ብር አዋጡ» ማለት አንዳንዱን ማሳቀቅ ነው። ያለው ይሰጣል፤ የሌለው በሩን ከፍቶ ያፍራል። ዕቃ ግን የማይገኝበት ቤት የለም። አልጋ ሥር የተቀመጠ ድስት፣ ልጅ ያደገበት ጃኬት፣ ለሠርግ የተሰጠ ሁለተኛ ፔርሙስ፣ አንድም ቀን ያልተነጠፈ ምንጣፍ። ይህን ሰብስበን ብንሸጠውስ ብዬ ሐሳቡን ለእድራችን አቀረብኩ።

ስብሰባው ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን ልብሱን ራሱን አንልክም?» የሚል ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሰው የለበሰውን አውልቆ መስጠት ይፈልጋል። ግን ከእኛ ከተማ አዲስ አበባ ለመድረስ ብቻ አባይ በረሃን ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎፋ ከዚያም ወዲያ ወደ ደቡብ ገና ብዙ ይቀራል። የእድራችን ገንዘብ ያዥ «የጭነቱ ዋጋ ከልብሱ ይበልጣል» አሉና ነገሩን ቋጩት። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ጨመርኩ። ድስትም ብርድ ልብስም እዚያው አካባቢ ገበያ ላይ አለ። ብሩ እዚያ ከወጣ የእዚያ ነጋዴም ይተነፍሳል። ማን ምን እንደጎደለበት የሚያውቀውም እዚያው ያለ ሰው ነው እንጂ እኛ ከዚህ ሆነን አይደለንም።

ጊዜውን ጳጉሜን አደረግነው። «ዘገየ፣ ያኔ ወሬው ይበርዳል» ያሉ ነበሩ። እኔ ግን የበረደው ወሬ እንጂ ችግሩ አይደለም ባይ ነኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ይረባረባል። ከአንድ ወር በኋላ ግን ቤት የፈረሰበት ሰው አሁንም ቤት የለውም፣ ጠያቂው ግን ይቀንሳል። ደግሞ ጳጉሜን ሲገባ በየቤቱ ለእንቁጣጣሽ ይጸዳል፣ ግድግዳ ይቀባል፣ አሮጌው ይወጣል። ሰጪው ቤቱን ያቀላል፣ ገዢው ለበዓል የሚሆነውን ይፈልጋል። ከዚህ የተሻለ ቀን ከየት ይመጣል?

የሚያስፈልገው ሁሉ በእድሩ ቤት አለ። ድንኳኑ አለ፣ አግዳሚው አለ፣ ስም እየጠሩ መመዝገብ የለመዱ ሰዎች አሉ። የሰፈሩ ልጆች እያንዳንዱ ዕቃ ላይ ፕላስተር ለጥፈው ቁጥር ጻፉበት። ያው ቁጥር ከሰጪው ስምና ከመነሻ ዋጋው ጋር ደብተር ላይ ይሰፍራል። የተቀደደ ልብስና የተሸረፈ ሳህን አልተቀበልንም። ለተቸገረ ሰው ተብሎ የሚወጣ ዕቃ ታጥቦና ተተኩሶ መምጣት አለበት ብዬ ስለማምን በዚህ ጉዳይ ጠንከር ብያለሁ። ለካውያና ለቴሌቪዥን ከአንድ ጎረቤት ቤት ገመድ ስበን፣ ገዢው ፊት እየሰካን አሳየን።

ልዋጮች ገና በማለዳ ደረሱ። ሁሉንም በጅምላ እንግዛችሁ አሉን። የእነሱም እንጀራ ነው፤ አልተቆጣንም። ግን እስከ ስድስት ሰዓት የሰፈር ሰው ይግዛ፣ ከዚያ የቀረው የእናንተ ነው ብለን ተስማማን። በዚህ ምክንያት ቤት ተከራይቶ የሚኖር አንድ ወጣት መምህር ፍራሽ፣ ጠረጴዛና ድስት በአንድ ጊዜ ገዝቶ በጋሪ ጫነ። ጎፋ ያለው ሰው እንደሚረዳ ሁሉ እሱም ተረዳ። ስለ ክርክርም ላንሳ። «ለእርዳታ እየተሸጠ ዋጋ ይከራከራሉ» ብለው ቅር ያላቸው ነበሩ። እኔ ይከራከሩ እላለሁ። ገበያ ነው፤ ሰው ኪሱን ያውቃል።

የቀኑን ትልቅ ዕቃ ያመጡት ጎረቤቴ ናቸው። ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሲንጀር የስፌት መኪናቸውን ሁለት ልጆች ተሸክመውት መጡ። የእግር መርገጫው ቀለሙ ከመሃል ላይ ተልጦ ብረቱ ያበራል። መሳቢያው ውስጥ የሸሚዝ ቁልፎች፣ ያለቀ ሳሙና ቁራጭና ጥቁር ክር እንዳለ አለ። «እማማ፣ ይኼስ ይቅርብዎት» አልኳቸው። «ልጄ፣ ቆሞ ከሚዝግ የሚሰፋበት ይውሰደው። ለቆራሌው ግን እንዳትሰጡብኝ» አሉ። ነጋዴዎች የብረቱን ዋጋ እየጠሩ አለፉ።

ረፋድ ላይ አንዲት ልጅ መጣች። ዋጋ ከመጠየቋ በፊት ዝቅ ብላ ቀበቶውን ነካች። ከዚያ ተቀመጠች፣ ክሩን በመርፌው አሳለፈች፣ የነጠላዋን ጫፍ አስገብታ ረገጠች። መኪናው መጀመሪያ ተንቋቋ፣ ከዚያ ለሰለሰ። እማማ ከአግዳሚው ብድግ ብለው አጠገቧ ቆሙ። «ዘይት ትፈልጋለች፤ በየሳምንቱ ጠብ አርጊላት» አሏት። የልጅቷ ብር አልሞላም። እማማ «ቀሪውን መስከረም ላይ ለእድሩ ትክፈል» አሉ። ጸሐፊው መዘገበ። ለመስቀል ከፍላ ጨረሰች።

ብሩን ሦስት ሰው ነው የያዘው። አንዱ ይቀበላል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ሳጥኑን ይጠብቃል። ማታ በጊዜ መግባት ስለነበረብን ቆጠራው ሳይመሽ፣ ሰው ፊት ተደረገ። ሰኞ ለተጎጂዎቹ ተብሎ ወደተከፈተው የባንክ ሂሳብ ገቢ ሆነ። ደረሰኙና የደብተሩ ቅጂ እድር ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ለሻይ፣ ለጋሪ፣ ለፕላስተር የወጣውን ከኪሳችን ነው የቻልነው። ከሳጥኑ አንድ ብር እንኳ ለወጪ ከተነሳ በሚቀጥለው ማን ያምነናል?

በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ የአዋሽ ፈንታሌ መሬት ሲንቀጠቀጥና የአፋር ሰዎች ከቤታቸው ሲፈናቀሉ፣ ጎረቤቶቼ «እንድገመው» አሉኝ። ሞከርነው፤ የተሰበሰበው ዕቃ ግን ትንሽ ነበር። ጓዳ በየወሩ አይሞላም። ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በጳጉሜን ብቻ እንዲሆን ተስማምተናል። አደጋ በሌለበት ዓመትም ይሸጣል፤ ብሩ በእድሩ ስም በተለየ ሂሳብ ይቀመጣል። አደጋ ሲመጣ በማግሥቱ የሚላክ ነገር ይኖረናል።

ሰፈራችሁ ውስጥ ልትሞክሩት ካሰባችሁ ከእድራችሁ ዳኛ ጀምሩ። ድንኳኑ የሠርግ ወይም የለቅሶ ተራ የሌለበትን ቅዳሜ ጠይቁ።