በእኔ ኮምፒውተር ላይ ያለፉት ቴስቶች

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 አንዲት አዲስ ባልደረባ ቡድናችንን ተቀላቀለች። የመጀመሪያ ሥራዋ እኔ በጻፍኩት መመሪያ መሠረት የፕሮጀክቱን ኮድ አውርዳ፣ ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት (ለፕሮጀክቱ ብቻ የተለየ የፓይተን የሥራ ቦታ) ፈጥራ፣ የሚያስፈልጉትን ላይብረሪዎች (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጇቸውን የኮድ ስብስቦች) በፓይተን መጫኛ ፕሮግራም በፒፕ ጭና ቴስቶቹን (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሹትን ትንንሽ ፕሮግራሞች) ማስኬድ ነበር። ከቀትር በኋላ 14 ቴስቶች እንደወደቁባት ነገረችኝ። እኔም ወዲያውኑ በራሴ ኮምፒውተር ላይ ሳስኬዳቸው ሁሉም ስላለፉ፣ አንድ ነገር ዘልላ ይሆናል በሚል ግምት ሁሉንም አጥፍታ እንደገና እንድትጀምር ነገርኳት። በማግስቱም እነዚያው 14 ወደቁ። «የተጻፈውን አንድም መስመር ሳልዘል ነው የሠራሁት» ስትለኝ የራሷን ችሎታ መጠራጠር እንደ ጀመረች ከድምፅዋ ይታወቅ ነበር። ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

አጠገቧ ቁጭ ብዬ የስህተት መልእክቶቹን ያነበብኩት ያን ጊዜ ነው። ሁሉም መልእክቶች፣ ዳታፍሬም (ፓንዳስ የተባለው የዳታ ላይብረሪ የሚሠራበት ሠንጠረዥ) «አፔንድ» (ረድፍ መጨመሪያ ትእዛዝ) የሚባል ነገር የለውም ይላሉ። በሁለታችንም ኮምፒውተር ላይ የተጫኑትን ላይብረሪዎች በፒፕ ፍሪዝ አስዘርዝረን ስናስተያይ፣ የእኔ ፓንዳስ 1.5.3፣ የእሷ ደግሞ 2.0.1 ሆኖ አገኘነው። ፒፕ የሚጭናቸው ላይብረሪዎች በሰፈሩበት ዝርዝር ፋይል ላይ እኔ የጻፍኩት የላይብረሪውን ስም ብቻ ነበር፤ ቨርዥን ካልተጠቀሰ ደግሞ ፒፕ በባዶ ኢንቫይሮንመንት ላይ የሚጭነው የቅርብ ጊዜውን ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ወር የወጣው 2.0 አፔንድን ጨርሶ አስወግዶታል፤ የእኔ ግን ቀደም ብሎ የተጫነ በመሆኑ ማንም አልነካውም።

ከሁሉም በላይ የከነከነኝ ለውጡ ሳይነገረን አለመምጣቱ ነው። ፓንዳስ ከ1.4 ጀምሮ አፔንድ ወደፊት እንደሚወገድና በምትኩ ኮንካት (ሠንጠረዦችን የሚያያይዝ ሌላ ትእዛዝ) እንዲሠራበት ሲያስጠነቅቅ ቆይቷል። ማስጠንቀቂያው ቴስቶቹን ባስኬድኩ ቁጥር ከውጤቱ ግርጌ ይታተም ነበር፤ እኔ ግን ማለፋቸውን ብቻ አይቼ መስኮቱን እዘጋ ነበር።

ኮዱን ወደ ኮንካት ለመለወጥ ግማሽ ቀን በቃን። የእያንዳንዱን ላይብረሪ ቨርዥን በዝርዝሩ ላይ አሰፈርን፤ ቴስቶቹም በየሌሊቱ ከባዶ በሚዘጋጅ ኢንቫይሮንመንት ላይ እንዲሄዱ አደረግን። መመሪያውን ግን እሷ እንደገና እንድትጽፈው ጠየቅኳት፤ የጎደለውን ከእኔ ይልቅ ያየችው እሷ ነበረችና። ጽፋ ስትጨርስ የራሴን ኢንቫይሮንመንት አጥፍቼ በእሷ ጽሑፍ ብቻ እየተመራሁ ከመጀመሪያው መስመር ተነሣሁ፤ አንድም ነገር ሳልጠይቃት እስከ መጨረሻው ቴስት ደረስኩ።