ድርጅቱ ሲሸጥ የሥራ ዘመናችሁ አብሮ አይሸጥም

«ለትልቅ ኩባንያ ልንሸጥ ነው» የሚለው ወሬ ሐዋሳ ውስጥ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ቀድሞ ጥበቃውና ሾፌሩ ጋ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ከባድ ናቸው። ማን ይቀራል? ማን አዲስ አበባ ይዛወራል? የስምንት ዓመት አገልግሎት ምን ይሆናል? ጭንቀቱ ተገቢ ነው። ብዙ ሠራተኛ የሚጎዳው ግን በሽያጩ ሳይሆን በሽያጩ ማግስት ሳያነብ በሚፈርመው ወረቀት ነው።

መነሻው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አንቀጽ 16 ድርጅት ቢቀላቀል፣ ቢከፈል ወይም ባለቤትነቱ ቢተላለፍ የሥራ ውሉ አይሻሻልም ይላል፤ አንቀጽ 23 ደግሞ በዚሁ ምክንያት ውሉ አይቋረጥም ይላል። የሰበታው ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2012 ከመንግሥት ወደ እንግሊዙ የመጠጥ ኩባንያ ዲያጆ፣ በ2022 ደግሞ ከዲያጆ ወደ ፈረንሳዩ የመጠጥ ኩባንያ ካስቴል ተላልፏል፤ ካስቴል ሐዋሳም ላይ ፋብሪካ ያለው የቢጂአይ ባለቤት ነው። እንዲህ ባለ ፋብሪካ አሥራ አምስት ዓመት የቆየ ሠራተኛ ከቦታው ሳይነቃነቅ ሦስት ባለቤት ሊያይ ይችላል። በሕጉ ዓይን አገልግሎቱ አንድና ያልተቆረጠ ነው።

በቅድሚያ የሽያጩን ዓይነት ጠይቁ። የተሸጠው አክሲዮኑ ከሆነ አሠሪያችሁ ያው የድሮው ድርጅት ነው፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩም አይለወጥም፣ አዲስ ውል የሚያስፈርም ምክንያትም የለም። ሕንፃው፣ ማሽኑና ንግዱ ተሸጦ ሠራተኛው ወደ ሌላ ድርጅት የሚዞር ከሆነ ግን በደመወዝ መክፈያው ላይ የድርጅቱ ስምና ቁጥሩ ይለወጣል። መጠንቀቅ እዚህ ላይ ነው፤ የሥራ ዘመን የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ሽግግር ነው።

የሚጠፋውም እንዲህ ነው። የሰው ኃይል ክፍሉ ሁለት ወረቀት ያቀርባል፦ አንዱ «በራሴ ፈቃድ ሥራ ለቅቄያለሁ» የሚል፣ ሌላው አዲስ የቅጥር ውል። «ፎርማሊቲ ነው፣ ሁሉም ፈርሟል» ይባላል። ሦስት ዓመት ያገለገለችና 12,000 ብር የምትከፈል የሒሳብ ሠራተኛን እናስብ። በሠራተኛ ቅነሳ ብትወጣ የሥራ ስንብት ክፍያዋ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ደግሞ የዚያው አንድ ሦስተኛ ነው፦ 12,000 እና ሁለት ጊዜ 4,000፣ በድምሩ 20,000 ብር። ቅነሳ ስለሆነ የ60 ቀን ደመወዝ፣ ማለትም 24,000 ብር ይጨመርላታል። ከመውጣቷ በፊት የሁለት ወር ማስጠንቀቂያም ሊሰጣት ይገባል። የመልቀቂያውን ወረቀት ከፈረመች ግን በራሱ ፈቃድ የሚለቅ ሠራተኛ ስንብት የሚያገኘው ቢያንስ አምስት ዓመት ሲያገለግል በመሆኑ ምንም አታገኝም። በአንድ ፊርማ 44,000 ብር ማለት ነው።

አምስት ዓመት ያለፈው ሰው ስንብቱን ተቀብሎ «ከዜሮ ልጀምር» ቢል ያስኬዳል? ዛሬ እጅ የሚገባ ብር በዋጋ ንረት ዘመን ጥቅም አለው፤ ያንን አልክድም። ግን የሚቀረውን ቁጠሩ። ከዘጠኝ ዓመት በላይ ያገለገለ ሠራተኛ አሠሪው ከቅነሳ ውጭ በማስጠንቀቂያ ሲያሰናብተው የሦስት ወር ጊዜ አለው፤ እንደ አዲስ የተቀጠረ ግን አንድ ዓመት እስኪያልፈው የአንድ ወር ብቻ። የዓመት ፈቃድ ከ16 የሥራ ቀን ተነስቶ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል፤ እሱም ወደ 16 ይመለሳል። ዋናው ደግሞ ቅነሳ ሲመጣ ነው፤ ችሎታና የሥራ ውጤት እኩል ሲሆን ቀድሞ የሚነካው አገልግሎቱ ያጠረው ነው። እኔ ብጠየቅ ዘመኔን አስቀጥሉልኝ እላለሁ።

አዲስ ውል የግድ ከመጣ ሦስት ቦታ ላይ ቁሙ። አንደኛው የሙከራ ጊዜ ነው። ሕጉ የሚፈቅደው ጣሪያ 60 የሥራ ቀን ሲሆን፣ ያንኑ ሥራ ለሚቀጥል ነባር ሠራተኛ ሙከራ አይገባም፤ ይሰረዝ በሉ። በምትኩ «ከ... ቀን ጀምሮ የተሰጠው አገልግሎት የተጠበቀ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር፣ ቀኑ የመጀመሪያው የቅጥር ቀን ሆኖ፣ ይግባ። ሁለተኛው የሥራ ቦታ ነው። ትልልቅ ኩባንያዎች «ድርጅቱ ባሉት ቅርንጫፎች ሁሉ» ብለው ይጽፋሉ። ሐዋሳ ታቦር ላይ ቤት ሠርቶ ልጆቹን እዚሁ ለሚያስተምር ሰው በሐዋሳ ደመወዝ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ መኖር ማለት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። «ሐዋሳ» ተብሎ ይጻፍ፤ ካልሆነም የዝውውርና የቤት አበል አብሮ ይጻፍ።

ሦስተኛው የደመወዙ አከፋፈል ነው፤ ብዙ ሰው ያልፈዋል። ጠቅላላው ገንዘብ አድጎ መነሻ ደመወዙ ሊቀንስ ይችላል። የትራንስፖርት አበል፣ ቦነስ፣ ኮሚሽንና የትርፍ ሰዓት ክፍያ በሕጉ ደመወዝ አይባሉም። ሐይቁ ዳር ያሉ ሆቴሎች ውስጥ የምትሠሩ ልብ በሉ፤ ሰርቪስ ቻርጅም እንደዚያው ነው። 6,000 ብር ደመወዝና 5,000 ብር ሰርቪስ ቻርጅ የሚያገኝ አስተናጋጅ ስንብቱ የሚሰላው በ6,000 ነው። ጡረታም የሚቆረጠው ከመደበኛ ደመወዝ ነው፦ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ።

ጡረታን ካነሳን፣ ከደመወዝ የተቆረጠ ሁሉ ገቢ ተደርጓል ማለት አይደለም። የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ወደ የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና ሄዳችሁ አጣሩ፤ ጉድለት ካለ የድሮው ባለቤት ሒሳቡን ዘግቶ ሳይሄድ ነው መጠየቅ ያለበት። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድንም በቀን ቁጥር በደብዳቤ አስጽፉ። የሥራ ልምድ ማስረጃ ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለባቸው።

ማን ይበልጥ ይስጋ? ከልምድ የሚታየው፣ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ የጥገና ባለሙያና የሽያጭ ሰው ባሉበት ሲቆዩ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ራሱ ያለው ሥራ፣ ማለትም ሒሳብ፣ ግዥና የሰው ኃይል፣ ወደዚያ ይጠቀለላል። ቅነሳ የሚባለው ከሠራተኛው ቢያንስ 10 በመቶውን፣ ወይም ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ቢያንስ አምስት ሰው ሲነካ ነው፤ ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከተወካዮች ጋር ሳይመክሩ አይደረግም። ማኅበር ከሌላችሁ ከሽያጩ በፊት ተወካይ ምረጡ።

የሚረሳ ነገር አለ፦ ከደመወዝ የሚቆረጥ ብድርና ዋስትና። የቁጠባና ብድር ማኅበሩ ተቀናሽ በሽግግሩ ወር ከቆመ ብድሩ ውዝፍ ይሆናል፤ ወለዱም አይቆምም። ማኅበሩ አዲሱን ደመወዝ ከፋይ ክፍል በደብዳቤ አስቀድሞ ያሳውቅ፤ ያን ወር ተበዳሪው በእጁ ይክፈል። በደመወዛችሁ ለሌላ ሰው ዋስ ከሆናችሁ የዋስትና ደብዳቤው የወጣው በድሮው ድርጅት ስም ስለሆነ አበዳሪው አዲስ ሊጠይቅ ይችላል።

የፈረማችሁትን ሁሉ ኮፒ ያዙ፤ ደብዳቤ ሰጥታችሁ ከሆነ ግልባጩ ላይ ቀንና የተቀባይ ፊርማ ይኑር። ውሉ ከተቋረጠ ክፍያው በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በሦስት ወር፣ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይቀራል፤ «ሰኞ እናናግርሃለን» እየተባለ የሚያልፈው ጊዜም ከዚሁ ላይ ይቆጠራል።